ከምንጩ በላይ የሚደገስ ሠርግ

ዓይን ሱዋን፣ ማርች 9 ቀን 1997

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ዋርዳ፣

ይህ ወረቀት ሲደርስዎ በሙሉ ጤና እንዲያገኝዎ፣ ቤትዎም በልጅ ልጆች ጫጫታ የሞላ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። አያውቁኝም። የወንድምዎ የታኑስ ልጅ ጁማና ነኝ። ከእኔ ሌላ ልጅ የለውም። እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። አድራሻዎን ያገኘሁት የመንደሩ ሹም ዘንድ ከተቀመጠው የመሬት ደብተር ላይ ነው። «ዋርዳ፣ ሳኦ ፓውሎ» ይልና የመንገዱን ስም ይጽፋል። አሁንም እዚያው ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፤ ቢሆንም እጽፋለሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። እታች ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሐይደር የሚባል የሄርሜል ሰው ላገባ ነው፤ ሥራው ችግኝ ማፍላት ነው። በጦርነቱ የተቃጠለውን ጫካ መልሰን ልንተክል ከተማሪዎቼ ጋር በወጣን ቀን ተዋወቅን። እኔ እየቆፈርኩ ነው፣ እሱ ከላዬ ቆሞ ያየኛል። «መምህርት፣ ይሄ የችግኝ ጉድጓድ ነው ወይስ የአህያ መቃብር?» አለኝ። እንዲህ ተጀመረ።

እሱ ሺዓ ነው፣ እኔ ማሮናዊት። ቄሱ ሐይደር ካልተጠመቀ አይሆንም ይላሉ። ሼኹ ያጋቡናል፤ ግን እኔም እሱም በማናምንበት ቃል መጋባት አንፈልግም። ስለዚህ ቆጵሮስ ሄደን ማዘጋጃ ቤት እንፈርማለን። አሥር ደቂቃ አይፈጅም አሉ። ከዚያ ተመልሰን፣ በሰዎቻችን ፊት፣ ከሰማይ በታች፣ ራሳችን በጻፍነው ቃል መጋባት እንፈልጋለን።

የመረጥነው ቦታ ከምንጩ በላይ ያለው፣ ሦስቱ ጥዶች የበቀሉበት እርከን ነው። ያ መሬት እስካሁን አልተከፈለም፤ በእርስዎና በአባቴ ስም ነው። አባቴ እንቢ ብሏል። ሹሙ ግን «ከሁለቱ አንዳቸው ፈርመው ከፈቀዱ ማንም አያግድሽም» አለኝ። ፈቃድዎን ልለምን ነው የጻፍኩት።

እጅዎን እስማለሁ።
የወንድምዎ ልጅ ጁማና

*

ሳኦ ፓውሎ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1997

ለወንድሜ ልጅ ለጁማና፣

እመቤታችን በጥላዋ ትጋርድሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ፊደሉን ለመለየት፣ ሁለተኛ ለመረዳት፣ ሦስተኛ ለመናደድ። አረብኛዬ ዝጓል፤ ልጆቼ የሚያወሩት ፖርቱጋልኛ ነው። ስሕተት ብታገኚ መምህርት ነሽና አርሚው።

ያላየሻትን አክስትሽን መሬት ብቻ ትጠይቂያለሽ እንጂ ምክር አልጠየቅሽም። እኔ ግን እነግርሻለሁ። ሠርግ ያለ ቄስ ከሽርሽር በምን ይለያል? ሰው ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ምንጣፉን አራግፎ ይሄዳል። በማግስቱ ያገባችሁ መሆናችሁን በምን ታውቃላችሁ? አባትሽ እንቢ ካለ ምክንያት አለው። አባት አይናቅም።

ደግሞስ በዚያ ሁሉ ተራራ ላይ ሌላ ዛፍ ጠፍቶ ነው እዚያ እርከን ላይ የምትወጡት?

ፈቃዱን አልሰጥም። አዝናለሁ።

ወንድሜ እንዴት ነው? አባታችን በልቡ ነው የሞተው። ታኑስ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል? ጠጉሩ ሸበተ? ይህን ጻፊልኝ።

አክስትሽ ዋርዳ

*

ዓይን ሱዋን፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1997

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤና፣ ሰላምና ጥሩ እንቅልፍ ይስጥልኝ። ስለ መለሱልኝ አመሰግናለሁ፤ ቁጣዎም ቢሆን ከቤተሰብ የመጣ ቁጣ ነው፣ ናፍቆኝ ነበር። እዚህ ቤት ቁጣ እንኳ የለም፤ ዝምታ ነው ያለው።

«ምክንያት አለው» ላሉት፣ ምክንያቱን አልነግር ብሎኝ ነው። የተባባልነውን ልጻፍልዎት። ባቄላ ሲፈለፍል ነበር፣ ቀና አላለም።

«ቆጵሮስ ሂዱ፣ ፈርሙ፤ አልከለክልሽም» አለኝ።

«ታዲያ እዚህስ?»

«ከፈለግሽ ባሕር ዳር አድርጊው። ሆቴል ውስጥ አድርጊው። እዚያ ላይ ግን አይደለም።»

«ለምን? በሐይደር ታፍራለህ?»

«የዚያን መሬት ስም አታንሺብኝ አልኩሽ!» ብሎ ሳህኑን ገፋው። ባቄላው ተበተነ። ልለቅም ጎንበስ ስል «እናትሽ እንኳን ሞተች፤ ይህን ሳታይ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እህል አቀርብለታለሁ፣ ይበላል፣ ተነሥቶ ይሄዳል።

ከሽርሽር በምን ይለያል ብለዋል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔና ሐይደር አንድ ሳምንት ተከራከርንበት። እንዲህ አሰብን። እንግዶቹ ከምንጩ ጀምሮ በእግራቸው ይወጣሉ፤ ሩብ ሰዓት ነው፣ አቀበቱ ላይ ወሬ ይቀንሳል። ጥዶቹ ሥር በግማሽ ክብ ይቀመጣሉ። ማንም መሃል ቆሞ አይመራንም። ሐይደር የጻፈውን ይናገራል፣ እኔ የጻፍኩትን። ከዚያ ከእያንዳንዳችን ወገን አንድ ትልቅ ሰው ተነሥቶ «ሰምቻለሁ» ይላል። ይኸው ነው። ከእሱ ወገን አጎቱ ይቆማሉ። ከእኔ ወገን የሚቆም የለም።

ከቃሌ ውስጥ አንዱን ልጻፍልዎ፦ «ስትሳሳት በሰው ፊት አላዋርድህም፣ ብቻችንን ስንሆንም አላልፍህም።» ሐይደር ሲሰማው «ይሄ ቃል ኪዳን ነው ወይስ ማስፈራሪያ?» አለ።

መምጣት ቢችሉ «ሰምቻለሁ» የሚሉት እርስዎ በሆኑ ነበር። ይህን መለመን ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ።

አባቴ ደህና ነው። ሸብቷል።

ጁማና

*

ሳኦ ፓውሎ፣ ጁን 15 ቀን 1997

ልጄ ጁማና፣

ጌታ ዕድሜሽን ያለምልመው፣ የዚያንም ሰው ዕድሜ አብሮ። መልሴ ዘገየ። ታምሜ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄው ነው።

መምጣት አልችልም። ስኳሩ እግሬን ይዞኛል፤ ከመኝታዬ እስከ ወጥ ቤት በስንት ማረፍ ነው የምደርሰው። ነገር ግን የተፈረመ ፈቃድ ከዚህ ጋር አለልሽ። እዚህ ባለ ጠበቃ ፊት ነው የፈረምኩት፤ ሹሙ የሚለው አይኖርም።

ስለ ቦታው አንቺ የማታውቂውን ልንገርሽ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ከአለቱ ጀርባ ትገባለች፤ በሴፕቴምበርም ቢሆን ይበርዳል። ለሽማግሌዎች ብርድ ልብስ አስወጪ። ወንበሮቹን ወደ ምሥራቅ አዙሪያቸው፣ አለዚያ ሁሉም ዓይኑን እንደጨፈነ ነው የሚያይሽ። ነፋሱ ከሸለቆው ነው የሚመጣው፤ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።

ይህን ከየት አወቅሽ ትይኛለሽ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከሸለቆው ማዶ ሸፊቅ የሚባል፣ በሃይማኖቱ ድሩዝ የሆነ ሰው ነበር፤ በበቅሎ ወይን ያመላልሳል። አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ እርከን ላይ ተገናኘን። ቄስ የለ፣ ሼኽ የለ፣ እንደ እናንተ የተጻፈ ቃልም የለ። እጁን ግንዱ ላይ አድርጎ «እኔ ላንቺ ነኝ» አለኝ፤ እኔም ያንኑ አልኩት። ለእኛ ያ ሠርግ ነበር። በማግስቱ ልንጠፋ ነበር።

ታኑስ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። የት እንደምሄድ ያውቅ ነበር። ያን ዕለት ራት ላይ ለአባታችን «ዋርዳ ነገ ከሸፊቅ ጋር ልትሄድ ነው» አለው። ክፋት አልነበረበትም። ትልልቆቹ የማያውቁትን ማወቁ አኩርቶት ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ መርከብ ላይ ነበርኩ፤ እዚህ ደግሞ የማላውቀው የአጎቴ ልጅ ሊያገባኝ ይጠብቀኝ ነበር። ጥሩ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ሸፊቅ ምን እንደሆነ አልሰማሁም፤ አልጠየቅሁምም።

ታኑስ ሃያ ዓመት ሲሞላው አንዲት ደብዳቤ ጻፈልኝ። «እህቴ፣ ልጅ ነበርኩ» ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም። አልመለስኩለትም። መጀመሪያ ተናድጄ፣ ቀጥሎ ልጅ እያሳደግሁ፣ ኋላ ደግሞ አፍሬ። ከዚያች አገር ከወጣሁ አርባ ሰባት ዓመት ሆነ።

እንግዲህ እንቢ ያለበትን ምክንያት አሁን አወቅሽው። አንቺን አይደለም የጠላው። እኔም «ሌላ ዛፍ ጠፍቶ ነው» ያልኩሽ በዚሁ ነው።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ይህን ደብዳቤ አንብቢለት። ሁሉንም። ከዚያ «ዋርዳ አትቀየምህም፤ ዱሮም በልቧ ይቅር ብላሃለች» በይው። ያለውን ቃል በቃል ጻፊልኝ። ምንም ባይል፣ ምንም አላለም ብለሽ ጻፊልኝ።

አክስትሽ ዋርዳ

*

ዓይን ሱዋን፣ ጁላይ 8 ቀን 1997

ውድ አክስቴ፣

እግርዎን ሕመም ይልቀቀው፤ እጅዎ ለደብዳቤ አይድከም። ደብዳቤዎን ሳነብ አለቀስኩ፤ ሐይደርም ከችግኞቹ መካከል ተቀምጦ አነበበው።

ፈቃዱን ሹሙ ተቀበለ። ቀኑን ሴፕቴምበር 13 አድርገነዋል። መቶ ሃያ ወንበር ተከራይተናል፤ ወንበሮቹ ወደ ምሥራቅ ናቸው። ሠላሳ ብርድ ልብስ ከጎረቤት እየሰበሰብን ነው። ጎረቤታችን ማቲልድ «ብርድ ልብስ ይዞ የሚኬድበት ሠርግ አይቼ አላውቅም፤ ልታገቢ ነው ወይስ ልታስተኚን?» ትላለች፤ ግን አራት ሰጠችን። የሠርጉን ምግብ፣ ክቤውን፣ የምትሠራው እሷ ናት። የሐይደር ዘመዶች ከበሮ ይዘው ይመጣሉ። እናቱ ወይዘሮ ሱክና ግን እንደማይመጡ ነግረውናል። «ፋቲሓ ያልተቀራበት ቦታ ምን ልሠራ?» ነው ያሉት። ሐይደር እንዳልጎዳው ሆኖ ይስቃል።

ከምንጩ የሚያወጣውን መንገድ ቅዳሜ ቅዳሜ እየጠረግን ነው። እሾሁ በጣም በዝቷል።

ስለ አባቴ በሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ።

ጁማና

*

ሳኦ ፓውሎ፣ ጁላይ 25 ቀን 1997

ልጄ፣

ሰላም ለቤታችሁ፣ ለታኑስም። ስለ ወንበር ጻፍሽ፣ ስለ ብርድ ልብስ ጻፍሽ፣ ስለ ክቤ ጻፍሽ። ወንድሜ ያለውን አልጻፍሽም። ተቆጣ? ተቆጥቶም ቢሆን እንዳለ ጻፊው። የፖስታ ሰው ባለፈ ቁጥር ደረጃው ላይ እየጠበቅሁ ነው፤ የልጅ ልጆቼ «አያታችን ፍቅረኛ ይዛለች» እያሉ ይቀልዱብኛል።

አትዘግዪብኝ።

ዋርዳ

*

ዓይን ሱዋን፣ ኦገስት 17 ቀን 1997

አክስቴ፣

ምርቃት ልጽፍ ብዕር አነሣሁ፤ እጄ እንቢ አለኝ። ይቀመጡና ያንብቡት፤ ሰውም አጠገብዎ ይኑር።

አባቴ ጁላይ 24 ቀን ከሰዓት በፊት አረፈ። ቲማቲሙን ውኃ እያጠጣ ነበር። ቱቦው ሲፈስ ሰምታ ማቲልድ ልትዘጋ ገባች፤ እሷ ናት ያገኘችው። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ፤ አልተሠቃየም አለ። እርስዎ «አትዘግዪብኝ» ብለው የጻፉት በማግስቱ ነው። ያን ደብዳቤ የተቀበልኩት ሐዘን ላይ ተቀምጬ ነው።

አክስቴ፣ አላነበብኩለትም።

ደብዳቤዎ ጁላይ 1 ነው የደረሰኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌ አስቀመጥኩት። ራሴን «ተስማሚ ጊዜ እየጠበቅሁ ነው» እለው ነበር፤ ውሸት ነው። ስለ እናቴ የተናገረኝ ቃል ከአንጀቴ አልወጣ ብሎ ነው። መጀመሪያ እሱ ይምጣ፣ መጀመሪያ እሱ «ልጄ» ይበለኝ፣ ከዚያ እሰጠዋለሁ ብዬ ያዝኩት። እንደ ሥጦታ አይደለም የያዝኩት፤ እንደ ቅጣት ነው። ሃያ ሦስት ቀን እየበላ እየተነሣ ፊቴ ሲመላለስ፣ የሚፈታውን ቃል እኔ ቆልፌበት ነበር።

ማቲልድ ከቀብር በኋላ የነገረችኝ ደግሞ አለ። ልደብቅዎት አስቤ ነበር፤ ካሁን ወዲያ ግን አልደብቅዎትም። ከመሞቱ በፊት ባለው ቀን አጥሩ ላይ ተደግፎ «ጁማና ከብራዚል ደብዳቤ ይመጣላታል አይደል? ቴምብሩን አይቻለሁ» አላት።

«ይመጣላታል» አለችው።

«ስለ እኔ የጠየቀች ይመስልሻል?»

«ራስህ አትጠይቃትም እንዴ? ልጅህ አይደለች?»

«አይ» አለና ባልዲውን አንሥቶ ሄደ።

ሌላም፣ ያን ሰሞን ወደ ምንጩ ራስ ብቻውን ሲወጣ ያዩት አሉ። መንገዱን መጥረጋችንን ሊያይ ይሁን፣ ሊያስቆመን ይሁን፣ ወይስ ለሌላ ነገር፣ የሚያውቅ የለም። እኔም አላውቅም፤ መቼም አላውቅም።

በቀብሩ ዕለት ሐይደር ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር። ማቲልድ ከመካከል ወጥታ «ና ግባ፣ ምን ታቃጥላለህ አናትህን!» ብላ በእጅጌው ጎትታ አስገባችው። ሣጥኑን ከሚሸከሙት አንዱ ሲደክም ትከሻውን ሰጠ። ደብዳቤዎን ሣጥኑ ውስጥ ልክተተው ብዬ ነበር። ሐይደር «ለማን ብለሽ ነው?» አለኝ። ትክክል ነው። መልሼ አስቀመጥኩት።

ሠርጉን ትተነዋል። ወንበሮቹን መልሰናል።

ይቅርታ አልለምንም፤ ምን ብዬ እንደምለምን አላውቅም።

ጁማና

*

ሳኦ ፓውሎ፣ ኦክቶበር 5 ቀን 1997

ልጄ ጁማና፣

እግዚአብሔር ታኑስን በጎ ቦታ ያኑርልን፤ አንቺንም ያጽናሽ።

አንድ ወር ሙሉ ዝም አልኩሽ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ተናድጄብሽ ነበር። ደብዳቤሽን ለልጄ ሰጥቼ «ከዓይኔ አርቂልኝ» አልኳት። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስምሽን ሳልጠራ ስለ ሁሉ ጸለይኩ። ማለዳ ተነሥቼ ደግሞ «ስለ እኔ የጠየቀች ይመስልሻል?» የሚለው በጆሮዬ ይመጣል። ድምፁ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ድምፅ ነው፤ ሌላ ድምፁን አላውቀውምና።

ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። አንቺ ሃያ ሦስት ቀን አዘገየሽው፤ እኔ አርባ ሰባት ዓመት። የእኔን ሥራ በአንቺ ትከሻ ላይ ጭኜ፣ ቶሎ አላደረስሽውም ብዬ ልከስሽ ነው? አድራሻውን አውቅ ነበር። እጅ ነበረኝ። ለእሱ መጻፍ እየቻልኩ ለአንቺ ጻፍኩ፤ እሱን ስለ ፈራሁ ነው። በልጅ እጅ አስላክሁት።

ስለዚህ ስሚኝ። ይህን አብረን እንሸከመዋለን፤ የሚበዛው የእኔ ነው፣ አትውሰጂብኝ።

ሠርጉን አትተዪ። ዓመት ጠብቁ የሚሉሽ አሉ፤ ጥቁሯን ልበሽ፣ ከበሮውን ተዪው፣ ግን አግቢ። በቤተሰባችን ውስጥ ነገን እየጠበቀ የቀረው ነገር በቂ ነው። ለእኔ ብላችሁ የሚነበብ ቃል አትፈልጉ፤ የለኝም። «ሰምቻለሁ» ለማለት ከአንቺ ወገን ማቲልድ ትነሣልሽ።

ብርዱ ሳይጠና ፍጠኑ።

አክስትሽ ዋርዳ

*

ዓይን ሱዋን፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1997

የምወድዎ አክስቴ፣

በእግርዎ ቆመው፣ በዓይንዎ እያዩ ዓመታትን እንዲሻገሩ እመኝልዎታለሁ። ቆጵሮስ ፈርመን ከተመለስን በኋላ፣ ቅዳሜ ኖቬምበር 1 ቀን ተጋባን።

ሠላሳ አራት ሰው መጣ። ከመንደሩ ግማሹ «አባቷ ሳይከርም» ብሎ ቀረ፤ አልፈርድባቸውም። ወንበር አልተከራየንም፤ ሰው የእርከኑ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከበሮ አልነበረም፣ እልልታም አልነበረም። ጥቁር ቀሚስ ለበስኩ። ሐይደር ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ አንዱን እጅጌ አቃጥሎት ነበር፤ ኮቱን ሳያወልቅ ዋለ።

ሰዉ ተቀምጦ ልንጀምር ስንል ከታች አንዲት ሴት በዝግታ ስትወጣ አየን። ወይዘሮ ሱክና ናቸው። ሐይደር ሮጦ ወረደ፤ ክንዳቸውን ሊይዝ ሲል «ተወኝ፣ እግር አለኝ» አሉት። አጠገቤ ሲደርሱ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ ነበር። «አባት የሞተባት ልጅ ብቻዋን ቆማ አላይም ብዬ ነው» አሉኝ። «ስለ ንግግራችሁ ግን አትጠይቂኝ፤ አልገባሁበትም።» ከማቲልድ ጎን ተቀመጡ። ሁለቱ ወዲያው ስለ ጉልበታቸው ማውራት ጀመሩ።

ሐይደር መጀመሪያ ተናገረ። አጭር ነበር፣ ሁሉንም በቃሉ ይዞት ነበር። አጎቱ ተነሥተው «ሰምቻለሁ» አሉ።

ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ። ወረቀቱን ዘረጋሁ። ነፋሱ ከሸለቆው መጣ፤ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «ስትሳሳት በሰው ፊት አላዋርድህም» አልኩ። «ብቻችንን ስንሆንም» ብዬ ቀሪውን ማለት አቃተኝ። አባቴ ባቄላውን ሲፈለፍል መጣብኝ። ሃያ ሦስቱ ቀን መጣብኝ።

አክስቴ፣ ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ቄሱ ይቀጥሉ ነበር። መዘምራኑ ይነሡ፣ እጣኑ ይጨስ፣ እኔ ባልናገርም ሥርዓቱ ተሸክሞኝ ያልፍ ነበር። ከሽርሽር በምን ይለያል ያሉኝን ያን ጊዜ አስታወስኩት። እዚያ እርከን ላይ የሚቀጥልልኝ ማንም አልነበረም። እኔ ካላልኩት አይባልም።

ሐይደርም አልቀጠለልኝም። ቃሉን ያውቀዋል፤ ሹክ ሊለኝ ይችል ነበር። እጄን እንኳ አልያዘም። ዓይኑን ከእኔ ሳያነሣ ቆመ። አንድ ሕፃን አለቀሰ፣ እናቱ ይዛው ራቅ አለች። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ፀሐይዋ ከአለቱ ጀርባ ገባች፣ በረደን፣ ማንም አልተነሣም።

ሠላሳ አራት ሰው ተቀምጦ ጠበቀኝ።

ከዚያ «አላልፍህም» ብዬ ጨረስኩት፤ ማቲልድም ተነሥታ «ሰምቻለሁ» አለች።

ልጅዎ ጁማና